በበጋ የማይመታው ድንጋይ

እኔ ክርስቲያኑ ገዳም ለገዳም የዞርኩት በአንዲት እስላም ሴት ግፊት ነው። ይህን ሳወራ የሌላ አገር ሰው ይስቃል። «ስለቱ የሳቸው፣ እግሩ ያንተ?» ይለኛል። ለወሎ ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ለሌላው ደግሞ ለማብራራት ትዕግሥቱ የለኝም።

እትዬ እያልኩ የምጠራቸው ደሴ ላይ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። እናቴ በልጅነቴ ስትሞት ከአንድ ልጃቸው ጋር እኩል ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። በጾም ወራት ለእኔ የተለየ ድስት ነበራቸው። ልጃቸው እንደ ቀልድ ከሥጋ ወጡ ሊያጎርሰኝ ሲል በማማሰያ እጁን ይመቱትና «የሰው ልጅ ጾም አታስፈታ፣ አላህ የሚጠይቀው እኔን ነው» ይሉት ነበር። ሁለታችንም እንፈራቸው ነበር፤ ከሁለታችን ግን አብልጦ የሚወዳቸው ማን እንደነበር እስካሁን እንከራከራለን።

ስናድግ እኔ ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ገብቼ መካኒክ ሆንኩ። እሱ ፒያሳ ጨርቅ መሸጫ ውስጥ ተቀጠረ። በዚያ በደርግ ጊዜ ወጣት ሆኖ በመንገድ መሄድ ራሱ ጥፋት ነበር። አንድ ሐምሌ አፈሳ መጣና እሱን ከሱቁ በር ላይ አንስተው ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። እኔን ያተረፈኝ የዚያን ቀን የጭነት መኪና ሥር ተጋድሜ ዘይት እየለወጥኩ መሆኔ ብቻ ነው። ብልጠት አልነበረም።

እትዬ ቢስቲማ ከተማ የሚኖር ወንድም ነበራቸው። ሰው ያውቃል፣ ያስለቅቅልኛል ብለው ወደሱ ሮጡ። ወንድምየው የራሱንም ልጅ ማስቀረት አልቻለም ነበር። ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ አውቶቡሱ ጋራው ላይ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረና ሰው ሁሉ ወረደ። ከመንገዱ በታች ሸለቆው በጉም ተሸፍኗል፤ ወንዙ ይሰማል እንጂ አይታይም። ያኔ ከጉሙ ውስጥ ደወል ሰሙ። ሳያቋርጥ የሚመታ፣ እስትንፋስ የማይወስድ ደወል ነበር። አንድ ተሳፋሪ አማተበና «የገዳሙ ደወል ነው» አለ። እትዬ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። «አንተ የምትጣራው ማንም ሁን፣ የልጄን ዓይን መልሰህ ካሳየኸኝ ዣንጥላ አገባልሃለሁ» ብለው ተሳሉ።

ከዓመታት በኋላ ልጃቸው በፈቃድ መጣ። ከስቷል፣ ጠቁሯል፤ በር ሲንኳኳ ከተቀመጠበት ይነሳል። እናቱ ባለቀሱ ቁጥር «አብሽሪ እማ፣ አብሽሪ» ይላል። እኔን ግን ማታ ማታ በር ላይ ቁጭ ብለን ሳለ ስለ ጋራዡ፣ ስለ መኪና፣ ስለማይረባው ነገር ሁሉ ይጠይቀኛል። ስለ ጦርነቱ አንዲት ቃል አልወጣውም።

የልጃቸውን ዓይን አዩ፤ ስለቱ ደረሰ ማለት ነው። ችግሩ የት ይግባ የሚለው ነው። ክርስቲያን ሴት ብትሆን የታቦቱን ስም ጠርታ ትሳላለች። እትዬ የተሳሉት ለድምፅ ነው። በዚያ ሸለቆ ደግሞ የድሮ ነገሥታት የተከሏቸው ገዳማት ከወንዙ ወዲህም ወዲያም አሉ።

«እትዬ፣ አንዱ ጋ ይግባ፣ እግዜር አይደል የሚያየው» አልኳቸው። የዓመት ፈቃዴን ተኝቼ ለማሳለፍ ነበር ሐሳቤ።

«እሱ ነገ ተመልሶ የሚሄደው እሳት ውስጥ ነው» አሉኝ። «የፊተኛውን ሳልሰጥ ሁለተኛ መልስልኝ ብዬ በምን አፌ ልለምን? ፈቃዱ ሳያልቅ ያንን ደወል ታገኝልኛለህ። ድምፁን አውቀዋለሁ።»

ምን ይባላል? ዣንጥላውን ፒያሳ አሰፉት፤ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው። የሰፊው ፊት ላይ የነበረው ግርታ እስካሁን አይረሳኝም። ሻሽ ያሠሩ፣ መቁጠሪያ የያዙ እስላም ሴት «ዘርፉን አብዛው፣ ለታቦት ነው» ሲሉት ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እኔም ትከሻዬን ሰበቅኩ።

በብርድ ልብስ ጠቅልለነው ሦስታችንም ሄድን። መጠቅለላችን ነው ጣጣ ያመጣው። ኬላው ላይ ፈታሹ የይለፍ ወረቀታችንን አይቶ ሲጨርስ ዓይኑ ጥቅሉ ላይ ወደቀ። ረጅም ነገር፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ፣ አጠገቡ ወታደር የተቀመጠ። መሣሪያውን ከትከሻው አወረደ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ዣንጥላ ነው» አሉ እትዬ።

«በዚህ ፀሐይ?»

«ዝናቡን ጠብቀን ነው የምንገዛው ታዲያ?»

ፍታ ተባልኩና ፈታሁት። ዘረጋው ተባልኩና ዘረጋሁት። ከኬላው ግድግዳ ጡብ ላይ በቀይ ቀለም ከተጻፈው መፈክር ፊት ለፊት ያ ቀይ ከፋይ ከነዘርፉ ተከፍቶ ቆመ። አውቶቡስ ውስጥ ያሉት ባልቴቶች በመስኮት እያዩ አማተቡ። ፈታሹ እንደ ደነገጠ ሰው ወዲያና ወዲህ አየና «ዝጋው! ዝጋው አቦ!» አለኝ። እትዬ ግን ቀስ ብለው ዘርፉን አስተካክለው ነው ያዘጉኝ። ልጃቸው ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ቢስቲማ ወንድማቸው ዘንድ አድረን በቅሎውን ተውሰን በማለዳ ቁልቁል ወረድን። ያንን ሸለቆ ያላየ ሰው ምን ብዬ ልንገረው። ከላይ ሲያዩት ወንዙ ቀጭን ነው፤ ግራና ቀኙ ማሽላና የሎሚ ዛፍ፣ ከዚያ በላይ ገደል፣ ገደሉ ወገብ ላይ ደግሞ ሰው እንዴት ወጣበት የሚያሰኝ ቤተ ክርስቲያን። በጋ ነበርና ወንዙ ውስጥ ልጆች እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ገብተው ይጫወታሉ። በክረምት የሚያደርገውን ማን ያምነዋል?

የመጀመሪያው ገዳም ከወንዙ ወዲህ ነበር። ሴት አይገባበትም። እትዬ ከቅጥሩ ውጭ ወይራ ሥር ተቀመጡና እኛ ገባን። ልጃቸው በሩ ላይ ቆም ብሎ «እስላም ነኝ» አለ። በረኛው መነኩሴ «ጫማህን አውልቅ እንጂ ማን ጠየቀህ» ብለው አሳለፉት።

ውስጡ ጨለማ ነው፤ ዓይን እስኪለምድ ይቆያል። ሲለምድ ግድግዳው ሁሉ ሥዕል ነው። ከመቶ ዓመታት በፊት አንድ ሰው ጧፍ ይዞ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ የሣላቸው ዓይኖች ቁልቁል ያዩናል። ያ ሰው ስሙን እንኳ አልጻፈም። እኔ የጠገንኩት መኪና ሁለት ክረምት አይቆይም እያልኩ በልቤ ተገረምኩ፤ ትንሽም ቀናሁ። ጓደኛዬ ግን አንድ ሥዕል ፊት ቆሞ ቀረ። ወታደሮች ከእናቶቻቸው ጉያ ሕፃናት እየነጠቁ የሚያርዱበት ነው።

«አባ» አለ፣ «ለምንድን ነው ወታደሮቹ ሁሉ አንድ ዓይን ብቻ ያላቸው?»

«ክፉ ሰው በጎኑ ነው የሚሣለው። ደጉ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ የክፉው አንዱ ብቻ» አሉት መነኩሴው።

ከዚያ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «እኛንስ እንዴት ይሥሉን ይሆን?» አለኝ። አብሽር እንኳ አላልኩትም፤ ቃሉ የሱ ነበር።

በጸሎት ሰዓት ደወሉ ተደወለ። ከባሕር ማዶ የመጣ ትልቅ የብረት ደወል ነው፣ ሸለቆው ሁሉ አስተጋባ። ሮጬ ወጣሁና እትዬን አየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሄ ፈረንጅ ነው» አሉ። «የኔው የአገር ሰው ነበር።»

ሁለተኛው ከወንዙ ማዶ፣ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ነበር። በመንገድ ላይ ብዙ አጉረመረምኩ። የመካኒክ እግር ለተሽከርካሪ እንጂ ለገደል አልተሠራም። እትዬ ከበቅሎው ላይ ሆነው «በል ዝም በል፣ ስለቱን ታመክንብኛለህ» ይሉኛል። እዚያ ያለው ደወል የድንጋይ ነው፤ ረጃጅም ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋዮች በጠፍር ከወይራ ዛፍ ላይ ተንጠልጥለዋል። ለሠርክ ጸሎት ሲመታ እትዬ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። አገኘነው አልኩ። ሰሙ፣ ሰሙ፣ ደግመው ተቀመጡ።

«የሱ ወንድም ነው እንጂ እሱ አይደለም።»

ያን ጊዜ ተናደድኩ፤ ምን ልደብቅ። የልጁ ፈቃድ እያለቀ ነው፣ እኛ ድንጋይ ለድንጋይ ድምፅ እየለየን ነው። «እትዬ፣ ጉም ውስጥ፣ እያለቀሱ የሰሙት ድምፅ እኮ ነው! እንዴት ብለው ይለዩታል?» ብዬ ጮህኩባቸው። እሳቸው አልተቆጡም። «ልጅህ በተወሰደ ቀን የሰማኸውን አትረሳም፤ ያድርግልህና አትየው» አሉኝ። አፈርኩ።

ጩኸቴን የሰሙ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ብቅ አሉ። ከእትዬ ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ነገሩን ጠየቁ። እትዬ ነገሯቸው።

«እንዴት ነበር የሚመታው?» አሉ መነኩሴው።

«ሳያቋርጥ።»

«እኛ በልክ ነው የምንመታው፤ መትተን እንተዋለን። ጊዜውስ?»

«ሐምሌ፤ ከአሱር ሶላት በኋላ፣ ወደ ማምሻው።»

መነኩሴው ወደ ወንዙ መውረጃ አዩ። «እሱ የታችኛው ድንጋይ ነው» አሉ። «ገዳሙ ግን የለም። ሄዳችሁ ሰዎቹን ጠይቁ።»

በማግስቱ ወንዙን ተከትለን ወረድን። የታችኛው መንደር የእስላም መንደር ነው። ከመንደሩ ከፍ ብሎ አንድ ትልቅ ሾላ አለ፤ ሥሩ የፈረሰ ካብና ሣር የበላው መሠረት ይታያል፤ ከቅርንጫፉ አንድ ረጅም ድንጋይ ተንጠልጥሏል። የመንደሩ ሸህ ወጡና ተቀበሉን። እትዬ ከበቅሎው ሳይወርዱ «ይህንን ማን ነው የሚመታው?» አሉ።

«ተረኛ አለን» አሉ ሸሁ። «ገዳሙ በድሮ ጦርነት ጊዜ ተቃጠለ። መነኮሳቱ ታቦቱን ይዘው ሲሸሹ ድንጋዩ ከበዳቸው፤ ለጎረቤት አደራ ብለው ሄዱ። ጎረቤቱ እኛ ነን። አያቶቻችን ኋላ ሰለሙ፤ ወንዙ ግን ያው ነው። ክረምት ከላይ ደራሽ ውሃ ሲመጣ ይህን እንመታለን። ታች ያለው ሁሉ ልጁንና ከብቱን ይዞ ጋራ ይወጣል። ውሃው እስኪያልፍ አይቋረጥም።»

እትዬ ወረዱ። «ምቱልኝና ልስማው» አሉ።

«አይሆንም» አሉ ሸሁ። «ያለ ውሃ አይመታም። አንድ ቀን በከንቱ ከተመታ፣ በሌላው ቀን ሰው ቁጭ ብሎ ይሰማዋል። ይኼ ከአያቶቻችን የመጣ ነው።»

ሸሁ እውነት አላቸው። እትዬም እውነት አላቸው። ሦስት ቀን ሙሉ የተንከራተትንለት ድንጋይ እጃችን ሥር ተንጠልጥሎ ዝም ብሏል። ልጃቸው «እማ ተይው፣ አብሽሪ» አለ። እትዬ ግን ቀረቡና ጆሯቸውን ድንጋዩ ላይ ለጠፉ። ሸሁ ትንሽ አሰቡ፤ ከዚያ በሌላኛው ጫፍ ቆመው በጥፍራቸው ድንጋዩን ነካ፣ ነካ አደረጉ። ለእኛ ምንም አልተሰማንም። የእትዬ ዕንባ ግን በጉንጫቸውና በድንጋዩ መካከል ሲወርድ አየሁ።

«እሱ ነው» አሉ።

እኔም አለቀስኩ። ከሩቅ ቆሜ ቢሆንም አለቀስኩ።

ከዚያ ዋናው ጣጣ መጣ። ሸሁ ዣንጥላውን አይተው እጃቸውን ሰበሰቡ። «እኛ ታቦት የለን፣ ለማን እንቀበለዋለን?» አሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው ገዳም እንመልሰው አልኩ። እትዬ አሻፈረኝ አሉ፤ «ለጠራኝ እንጂ ለጎረቤቱ አልተሳልኩም።» መንደርተኛው ተሰበሰበ፤ አንዱ መስጊድ ይግባ አለ፣ አንዱ ይቃጠል አለ፣ ሁሉም ተናገረ። በመጨረሻ ሸሁ ጢማቸውን እየያዙ ተረኛውን አዩት፤ ጎልማሳ ገበሬ ነው።

«ድንጋዩን የሚመታው ሰው ክረምት ሙሉ ዝናብ ይወርድበታል» አሉ። «ጥላ ኖሮት አያውቅም። ይህማ ለሱ ነው።»

ነገሩ አለቀ። ከፋይ ዝናብ አይችልም፣ ባንድ ክረምት ይበሰብሳል ልል አፌን ከፈትኩና እትዬን አይቼ ዘጋሁት። ዱዓ ተደረገ። ዣንጥላውን ከሾላው ግንድ ጋር አሥረን ከድንጋዩ በላይ ዘረጋነው። ቀዩ ከፋይ በዚያ ቆላ ቅጠል መካከል ጉድ ይመስል ነበር።

ጓደኛዬ ድንጋዩን ዳሰስ አደረገና «ሸህዬ፣ ስመለስ በዚህ በኩል ነው የምመጣው። በበጋም ቢሆን መጥቼ እመታዋለሁ» አላቸው።

«ተው፣ በዚህ አይቀለድም፤ ሰው ይደነግጣል» አሉት እናቱ።

ሸሁ ሳቁ። «አንተ ተመለስ እንጂ፣ መደንገጡንስ እንደነግጣለን።»

ፈቃዱ አልቆ ሄደ። ሁለት ጊዜ ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ ቆመ። ሰሜን ላይ ጦሩ ተመታ፣ ተማረከ፣ ተበተነ ይባላል፤ ሬዲዮው ድል ያወራል። አንዱ ተመላሽ አይቼዋለሁ ይላል፣ ሌላው ሞቷል ይላል። ጎረቤቱ እየመጣ «እትዬ፣ ሰደቃ ያውጡለትና ልብዎ ይረፍ» ይላቸዋል። እሳቸው ያዳምጡና «ውሃ ጠጡ» ብለው ይሸኛሉ። ለእኔ ብቻ፣ አንድ እሑድ ሽንኩርት እየላጡ፣ የልባቸውን ነገሩኝ።

«ስለቱን አሳስቼው እንደሆነስ? ዓይኑን አሳየኝ ነው ያልኩት። አሳየኝ። መልሰህ አኑርልኝ አላልኩም። የለመንኩትን ነው የሰጠኝ።»

በዚያ ቀን ገዳሙንም፣ ድንጋዩንም፣ መንግሥቱንም ጠላሁ። ሽንኩርቱን ተቀብዬ እኔ ላጥኩ።

ጥር ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ወቅት፣ የላምባ ምድጃቸው ተበላሽቶ ቤታቸው ቁጭ ብዬ እየፈታሁት ነበር። ከቢስቲማ ቅቤ የምታመጣላቸው ሴት ገባች። አረፍ ብላ የገበያውን ወሬ ስታወራ፣ እትዬ ቅቤውን እያሸተቱ በግማሽ ጆሮ ይሰማሉ።

«የቆላው ሰው ምን ነካው እትዬ!» አለች እየሳቀች። «ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ወንዙ ቁርጭምጭሚት በማይደርስበት፣ ያ የጎርፉ ድንጋይ ተመታ አሉ። ሳያቋርጥ! ሕዝቡ ልጁን አዝሎ፣ ከብቱን ነድቶ ጋራ ወጣ። ውሃ የለ፣ ምን የለ። ኋላ ሲወርዱ አንድ ጨርቁ ያለቀ ሰው ሾላው ሥር ቆሞ ይመታል አሉ። ጅን ነው ያለም አለ።»

መፍቻው ከእጄ ወደቀ። እትዬ ቅቤውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፣ ሻሻቸውን አጥብቀው አሠሩ፣ ጫማቸውን ከአልጋው ሥር ሳቡ። ሴትዮዋ ግራ ተጋብታ ታያቸዋለች።

«በል ተነስ» አሉኝ። «ልጄ ሰው አስደንግጧል፤ ሄደን አውፍ በሉን፣ ይቅር በሉን እንበላቸው።»